በሕያዋን ወገን

ፓዶቫ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2010

ለወንድሜ ልጅ ለሮዲካ፤

መጪው ጥምቀት በረከቱን በደጃፍሽ ያፍስስ። አንቺም፣ ልጅሽም፣ ያቺ አማትሽም ሳትቀር ደኅና ሁኑልኝ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከወገቤ በስተቀር ሁለመናዬ ደኅና ነው። ወገቤ ደግሞ የእኔ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ የሲኞራ ኢዳ ነው። አሮጊቷን በቀን ሦስቴ ከአልጋ አነሣታለሁ፣ ሦስቴ አስተኛታለሁ፣ በመሀል ሾርባው ጨው በዛበት ብላ ትሰድበኛለች።

በወረቀት የምጽፍልሽ ነገሩ በስልክ ስለማይነገር ነው። አንቺ ዘንድ ስልኩ አማትሽ ክፍል ነው፤ እኔ ዘንድ ደግሞ የአሮጊቷ ዓይን እንጂ ጆሮዋ አልደከመም። ሹፌሩ ግሪሻ ዛሬ በሚኒባሱ ሲነሣ ከዕቃው ጋር ይዞልሽ ይመጣል። ፓስታ አለ፣ ሁለት ጠርሙስ ዘይት አለ፣ ለልጅሽ ለካቲንካ ጫማ አለ። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ማሰሪያ ሲነካት እንደምትጮህ አልረሳሁም።

እንግዲህ ስሚኝ። ሲኞራ ኢዳ የልጅ ልጅ አላት፣ ሎሬንዞ ይባላል፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ፎቁ ላይ ነው የሚኖሩት፤ እናቱ ሥራ ስትሄድ እኛ ዘንድ ታወርደዋለች። በእግሩ ጣቶች ነው የሚሄደው። ስሙን ብትጠሪው አይዞርም፤ የብስኩት ወረቀት ግን ከሦስተኛው ክፍል ይሰማል። የማንኪያውን መሳቢያ ከፍቶ ማንኪያ ሁሉ አውጥቶ ወለሉ ላይ ይደረድራል፣ ጫፍ ለጫፍ፣ ቀጥ አድርጎ። አንዱን ብታነሺበት ቤቱ በጩኸት ይፈርሳል።

ሮዲካ፣ ባለፈው ኦገስት ለዕረፍት ስመጣ ካቲንካ ከዶሮው አጥር ሥር የበቆሎ ቆረቆንዳ ስትደረድር አልነበር? እኔ አንዱን ብረግጥባት ቀኑን ሙሉ አላለቀሰችም?

እዚህ ስም ሰጥተውታል፤ ኦቲዝም ይሉታል። ልጁ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረ፣ ማንም አላስደነገጠውም፣ ማንም አልረገመውም ይላሉ። በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት ሴት ቦርሳ ሙሉ ካርድ ይዛ ትመጣለች። ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ከልጁ ጋር ማንኪያ ትደረድራለች። ደመወዟን የሚከፍላት ከተማው ነው። እናትየዋ ግን ታለቅሳለች። ምን ብላ መሰለሽ? ዘገየን ብላ። በሁለት ዓመት ተኩሉ ነው ያወቅነው፣ ስድስት ወር ባከነበት ብላ። እኔ ወለል እየወለወልኩ ነበር። ያንኑ አንድ ቦታ እስኪላጥ ወለወልኩት።

የእኛዋ በጁን ሰባት ዓመቷን ትደፍናለች። እስካሁን ማን አያት? አማትሽ፣ ቄሱ፣ ያቺ ድንጋጤ ላውጣ እያለች ሰም የምታቀልጠዋ ሴትዮ። ከዋና ከተማው ሐኪም ዘንድ፣ ኪሺናው ውሰጃት። እንዳትቀየሚኝ። ብትቀየሚም ተቀየሚ።

አክስትሽ አግሪፒና


ከመንደር፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2010

ለክብርት አክስቴ ለአግሪፒና፤

እግዚአብሔር ለወገብዎ ብርታት፣ ለአሮጊቷ ደግሞ መልካም አንደበት ይስጥልኝ። ዕቃው ደርሶናል። ግሪሻ አንዱን ጠርሙስ ዘይት ድንበር ላይ ለጉምሩክ ሰጠሁት ይላል፤ ትናንት ሚስቱ ድንች ስትጠብስ በደጃቸው ባልፍ ጉምሩኩ ሸተተኝ። ጫማው ልክ ሆኗል።

ስለ ልጄ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ተነሣሁ። ካቲንካ ምንም አልሆነችም። ዘግይታ ነው የምትናገረው። የአባቷ ወንድም አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ማን ዝም ያሰኘው። የጣሊያን ሀብታም ልጅ ማንኪያ ደረደረ ብለው የእኔን ልጅ በሽተኛ ማድረግዎ ምን የሚሉት ነው? እርስዎ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው የሚያዩአት።

እዚህ የሚያዝንልኝ ሞልቷል። ባለፈው ቅዳሜ አማቴ ከገበያ ጠብታ ገዝታ መጣች፤ ምላስ ይፈታል፣ ከሆድ ትል ያወጣል ብለዋት። ጠርሙሱን ስከፍተው በረኪና ነው። ልብስ የምናነጣበት በረኪና፣ ለልጅ ሆድ። የሸጠችላት ሴት ከዓሣ ነጋዴው አጠገብ ነጭ ጋውን ለብሳ ነው የምትቆመው፤ ጋውኑ ላይ የዓሣ ቅርፊት አለ። ከአሳማው ገንዳ ጎን ደፋሁት፣ አሳማው እንኳ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። አማቴ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ ለልጅሽ የማታስቢ ትለኛለች።

እና አንዷ በረኪና ታመጣልኛለች፣ አንዷ ስም ትልክልኛለች። ሁለቱንም አልፈልግም። ባሌ ቪታሊ ሞስኮ ሆኖ የሚሠራው ፎቅ ስንተኛ እንደደረሰ ይነግረኛል፤ ስለ ልጁ የሚጠይቀኝ ቃል የለም። በማርች የወረዳው ኮሚሽን ልጆችን ለትምህርት ቤት ያያል። እዚያ ያዩአታል፤ ይበቃታል። ስለ ልጄ ዳግመኛ እንዳይጽፉልኝ።

እጅ ነሥቻለሁ፣ ሮዲካ

ይህን የጨመርኩት ወረቀቱን ካጠፍኩት በኋላ ነው። ያ ልጅ ውሃ ሲጠማው ምን ያደርጋል? ካቲንካ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች፤ ምን እንደፈለገች እስካውቅ ግን ራሷን ከግድግዳ ጋር ትማታለች።


ፓዶቫ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2010

ለሮዲካ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ የጀመርሽውን ኩርፊያም አብሮ ያስፈታሽ። አትጻፊልኝ ብለሽ በዚያው ወረቀት ትጠይቂኛለሽ። ጥሩ አድርገሻል። ጥያቄውን አሥር ጊዜ አነበብኩት፣ ስድቡን አንዴ።

ሎሬንዞ ውሃ ሲጠማው ካርድ ይሰጣል። የብርጭቆ ሥዕል ያለበት ካርድ አለው፤ እሱን አንሥቶ እጅሽ ላይ ያስቀምጣል። በዚያው ቅጽበት ውሃ ይሰጡታል፤ ቆይ አይሉትም፣ በአፍህ በል አይሉትም። መጀመሪያ እጁን ይዘው አሳዩት፤ ብዙ ሳምንት ነው የፈጀው። አሁን ራሱን አይማታም። ቋንቋ ያጣ ሰው ነበር የሚማታው፤ ቋንቋ ሲሰጡት ተወ። ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ቦርሳ የያዘች ሴት ያስፈልግ ነበር።

ካርዶቹን እያየሁ በጫማ ካርቶን ላይ ገልብጬልሻለሁ። ላሟ ውሻ ብትመስል አትሳቂ፤ ወለል ስወለውል እንጂ ሥዕል ስሥል አልኖርኩም።

ለኮሚሽኑ አንድ ነገር ልንገርሽ። ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። አበል ነው ቢሉሽ፣ ለልጅቷ ነው ቢሉሽ፣ የሁሉም እናት ትፈርማለች ቢሉሽ እንዳትፈርሚ። ከየት አወቅሽ እንዳትዪኝ።

የጾሙን የስም ዝርዝርም አብሬ ልኬያለሁ። በጸሎት እንዲጠሩት ለቄሱ ስጪልኝ፤ በቀኝ ሕያዋን፣ በግራ ሙታን፣ እንደ ወትሮው። እንዳለ ስጪው። በራስሽ እጅ እንዳትገለብጪው።

አግሪፒና


ከመንደር፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2010

ለክብርት አክስቴ፤

ክርስቶስ ተነሥቷል። መልሱን እዚያው ሆነው ይበሉልኝ፤ በልቤ እሰማዋለሁ። ይህን ያህል የቆየሁት ከኮሚሽኑ በኋላ እስክርቢቶ መያዝ ስላስጠላኝ ነው።

ከደጉ ልጀምር። ካርዶችዎ ደረሱ። ፓስታ፣ ባሕር፣ ትልቅ ሕንፃ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን። አክስቴ፣ እዚህ ቤት ዕቃ ማጠቢያው እኮ እኔ ነኝ። ልጥላቸው ብዬ ነበር፤ ግን ካርቶኑ ጥሩ ነው፣ ገልብጬ በጀርባው የራሳችንን ሣልኩ። ባልዲ፣ ዳቦ፣ ዝይ፣ በር። ስድስት ሳምንት ሙሉ እጇን እየያዝኩ አሳየኋት፣ አማቴም እብደት ተጋብቶብሻል እያለች ሳቀችብኝ። አርብ ዕለት ድንች እየላጥኩ ሳለ ካቲንካ መጣች፤ የባልዲዋን ካርድ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ከባልዲው ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በር የተሣለበትን ካርድ ደግሞ የምታመጣልኝ አማቴ ስትገባ ነው፤ አስወጪያት ማለቷ ነው። በዚያ አልሳቅኩም ብዬ አልዋሽዎትም።

አሁን ኮሚሽኑን ልንገርዎ። ኮሪደሩ ላይ አራት ሰዓት ቆመን ጠበቅን። ከእኔ ፊት ኢሊያ የሚባል ጸጉረ ቀይ ልጅ ከእናቱ ጋር ነበር፤ እሱም አይናገርም፣ የጃኬቱን ዚፕ ይከፍታል ይዘጋል። እናቱ ከላይኛው መንደር ናት፣ ባል የላትም፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላትም። እነሱ ገቡ፣ ወጡ። ፈረምሽ? አልኳት። ፈረምኩ፣ ምን ላድርግ፣ ቀን ሥራ ስሄድ ማን ይይዘዋል? አለች።

እኛ ገባን። አምስት ሆነው ጠረጴዛ ከበው ብስኩት ይበላሉ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ ሳታየን ሥዕል ዘረጋች፤ ትራም፣ አናናስ፣ ዝሆን። በሩሲያኛ ይሄ ምንድነው? አለቻት። እኔ ራሴ አናናስ የት ቀምሼ አውቃለሁ? ካቲንካ ሥዕሉን አላየችውም። ብስኩቶቹን ከሳህኑ አንሥታ በጠረጴዛው ጠርዝ ደረደረቻቸው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ አንድም ሳታሳስት። ሰብሳቢዋ ለጎረቤቷ፣ ቁጥር አታውቅም ብለሽ ጻፊ አለቻት።

ኦቲዝም ይሆን እንዴ? ብዬ ጠየቅኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰው ጥርስ የጎረስኩ መሰለኝ። ሳቀች። ‘ከቴሌቪዥን ሰማሽው? እሱ የወንዶች ነው፣ ያውም የከተማ ልጆች። የአንቺዋ ዝም ብላ ደደብ ናት፣ የኔ እመቤት፤ አትቀየሚ’ አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ‘ለትምህርት የማትበቃ’ ብላ ማኅተም መታችበት። ከዚያ ልጄ ከደረደረቻቸው ብስኩቶች መሀል አንዱን አንሥታ ጎረሰች። ካቲንካ ጮኸች። ‘ይኸው፣ አየሽ?’ አለችኝ እያኘከች። ያፏ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

ፊርማዬን እስከ ጁን 1 ይጠብቃሉ። ከፈረምኩ ከወንዙ ማዶ ያለው አዳሪ ቤት ይወስዳታል። አልጋ አለ፣ ሐኪም አለ ይላሉ። ካልፈረምኩ ትምህርት ቤት አይቀበላትም፣ አበልም የለም። ኪሺናው ደወልኩ፤ ይህን ነገር የሚያውቁ ሐኪም አሉ፣ ወረፋው ለሚመጣው ዓመት ኖቬምበር ነው። በግል ከሆነ ሐሙስ መምጣት ትችያለሽ አለችኝ ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ ፀጉር ቤት እንደሚቀጥር ሰው። ዋጋውን ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁት። አማቴ ፈርሚ ትላለች። ቪታሊም ፈርሚ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጁ ተናግሮ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አክስቴ፣ ደክሞኛል። አትፈርሚ ይሉኛል፤ ከዚያስ?

ትናንት የሙታን ፋሲካ ነበር። በአያቴ መቃብር ላይ ጨርቁን ዘርግቼ እንቁላሉንና ወይኑን አቀረብኩ። አጠገቡ ያለውን የልጅዎን የሳንዱን መስቀል ሰማያዊ ቀባሁት። ሲሞት እኔ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መልኩን አላስታውሰውም፤ ግን እንደየዓመቱ በነፍሱ ስም ኩባያና ዳቦ ሰጠሁ። ዘንድሮ ኩባያው ቀይ አበባ ያለበት ነው፣ የደረሰው ለሽማግሌው ለኔኩላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ደክሞዎት ይሆናል፣ በላኩት ዝርዝር ላይ ሳንዱን በሕያዋን ወገን ጽፈውታል። አምና በሙታን ነበር። ቄሱ ሳያዩት ሰረዝኩና ከአያቴ ሥር ጻፍኩት። ሙት ከሕያው ጋር ከተጠራ ለቤቱ አይበጅም ይላሉ። አያስቡ፣ አስተካክዬዋለሁ።

ሮዲካ


ከመንደር፣ ሜይ 19 ቀን 2010

አክስቴ፤

ግሪሻ አምስት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። ፓስታ የለም፣ ወረቀት የለም። ደኅና ናት፣ ዝም ብላለች ነው የሚለኝ። ስደውል አሮጊቷ አንሥታ ትጮህብኛለች።

ስሙን በማዛወሬ ተቀይመውኝ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ የበደልኩት አይታወቀኝም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አማቴ እስክርቢቶውን አጠገቡ አስቀምጣዋለች፤ ባነሣሁት ቁጥር መልሳ ታስቀምጠዋለች። ካቲንካ ዛሬ እስክርቢቶውን ከማንኪያ ጋር ደርድራዋለች። ጁን 1 ማክሰኞ ነው። እፈርማለሁ።

ሮዲካ


ፓዶቫ፣ ሜይ 23 ቀን 2010

ሮዲካ፤

በረከት ልጽፍ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ። ያለ በረከት ተቀበዪኝ።

ስሙን መልሺው። አልተሳሳትኩም። እኔ ልጄን አልቀበርኩትም።

ሳንዱ ማንኪያ ይደረድር ነበር። በእግሩ ጣቶች ይሄድ ነበር። አምስት ዓመት እስኪሞላው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ የራሱን እጅ ይነክስ ነበር፣ አንዳንዴ የእኔንም። በ1977 ኮሚሽን አቀረቡን። ያኔም ጠረጴዛ ነበር፣ ያኔም የሚበሉት ነገር ነበር፣ የሱፍ አበባ ፍሬ ይመስለኛል፣ ቅርፊቱን መሬት ላይ ይተፉ ነበር። ‘ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው፣ ሌላ ትወልጃለሽ፤ ይሄን እርሺው’ አሉኝ። ፈረምኩ። የእኔ ፊርማ ነው፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። ያስገቡትም ያው ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት ነው፣ ለካቲንካ ያሉሽ።

እናቴ፣ አያትሽ፣ የእብድ ዘር አለባቸው ከምንባል ሆስፒታል ሞተ እንበል አለች። መስቀሉን ያቆመችው እሷ ናት። ከሥሩ አፈር ብቻ ነው ያለው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአፈር ላይ ዳቦ ስትቆርሱ ዝም አልኩ። እዚያ ቆሜ ነፍስ ይማር ያሉኝን ሁሉ አሜን ብያለሁ፤ አፌ እንዴት እንዳልተጣመመ አላውቅም።

ሁለቴ ሄጄ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ልወጣ ስል የቀሚሴን ጫፍ ያዘ፣ አልለቅም አለ። ሠራተኛዋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ሞተ ብሎ የጻፈልኝ ግን የለም። ሎሬንዞ ማንኪያ ሲደረድር፣ ያቺ ሴት በሆዷ ስትተኛ፣ ይኸው ብቻ ነበር እንዴ? አልኩ። ምንጣፍ ላይ የምትተኛ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች እንዴ የጎደለችን? ራሴን ተጸየፍኩት ሮዲካ። የገዛ እጄ የነካውን ምግብ መብላት አቃተኝ። የጾሙን ስም ስጽፍ እስክርቢቶው በሙታን በኩል አልሄድ አለኝ። አንቺ ደግሞ አስተካከልሽልኝ። በምን አፌ ልመልስልሽ?

ከመፈረምሽ በፊት እዚያ ቤት ሂጂ። ሳንዱ ቡርካ በያቸው። ለኪሺናው ሐኪም የሚሆነውን ከዚህ ወረቀት ጋር አድርጌያለሁ። ለወገቤ ሕክምና ያስቀመጥኩት ነው፤ ወገቤ ይቆየኛል።

አግሪፒና


ከመንደር፣ ጁን 9 ቀን 2010

ለክብርት አክስቴ፤

ሰላምታውን ላስቀድም ነበር፣ ግን ቀድመው የሚፈልጉትን አውቃለሁ። ሳንዱ በሕይወት አለ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን አላናገርኩዎትም፣ ብንገናኝ ኖሮም አላናግርዎትም ነበር። የሕያው ሰው ተዝካር ስበላ ነው ያደግኩት። ያን ዳቦ ሁሉ አሰብኩት። ተጸየፍኩዎት፤ ልደብቅዎት አልችልም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት፤ እስክርቢቶው አጠገቡ ነው። አምስት ቀን ነበር የቀረኝ። ማንን እንደምጸየፍ ጠፋኝ።

አርብ ሄድኩ። በሩ ላይ አበባ ተክለዋል። ከአበባው ጀርባ ሽታው ይቀበልዎታል፣ ሽንትና የጎመን ሾርባ። ዳይሬክተሩ ‘ቡርካ? ያን ማንኪያውን ማለትሽ ነው?’ አለኝ። ስሙን ያወቁት ከመዝገብ ነው። አዋቂዎቹ ከኋላ ባለው ቤት ናቸው። ወጥ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት፤ ለሁለት መቶ ሰው ማንኪያ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይደረድራል። ያለ ደመወዝ ነው። ‘እሱ ባይኖር ምን እንሆን ነበር’ አለችኝ ሠራተኛዋ፣ ማመስገኗ ነው። ሽበት ጀምሮታል። እርስዎን ይመስላል፣ በተለይ ግንባሩ። ጥርስ የለውም። ምን ሆኖ ነው? ብላት፣ ‘ልጅ ሳለ ይናከስ ነበር፣ ነቀሉለት፤ ከዚያ ተወ’ አለች፤ ስለ ዶሮ ላባ የምታወራ ነው የምትመስለው። ወጣሁና አበባው ላይ አስመለሰኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ሳንዱ ብዬ ጠራሁት፣ አልዞረም። ቁጭ ብዬ ማንኪያ አቀበልኩት፤ ካቲንካ እንደምትወደው፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርጌ። ተቀበለኝ። የባልዲውን ካርድ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ ሰጠሁት፣ ገልብጦ አየውና በማንኪያዎቹ መጨረሻ አኖረው። አልመለሰልኝም፣ ተውኩለት። ልሄድ ስነሣ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ። ሠራተኛዋ ልታላቅቀው መጣች። ተይው አልኳት። መልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የቆየሁት፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ። ራሱ ለቀቀኝ አክስቴ። ማንም ጣቱን አልነካውም።

ስወጣ ግቢው ውስጥ የኮሪደሩን ልጅ፣ ኢሊያን አየሁት። ቀይ ጸጉሩን ላጭተውታል። ጃኬቱን ቀምተውታል፣ ዚፕ የለውም፤ ጣቶቹ ግን ደረቱ ላይ ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

ማክሰኞ ወረዳ ሄጄ አልፈርምም አልኩ። ሰብሳቢዋ ‘ትጸጸቻለሽ’ አለችኝ። ‘ብስኩትሽን ብዪ’ አልኳት። ሐሙስ ኪሺናው ሄድን። በእርስዎ ገንዘብ የዓመት ከመንፈቁ ወረፋ በሰባት ቀን አለቀ። ሐኪሟ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ከካቲንካ ጋር ተቀመጡ፤ ሴት ልጆችን ማንም አያይልንም፣ ዝም ስለሚሉ ነው የሚታለፉት አሉኝ። ወረቀት ጻፉልኝ፤ ያ ቃል አለበት። ትምህርት ቤቱ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በቀን ሁለት ሰዓት ሊቀበላት ግድ ነው አሉ፤ እምቢ ካሉ እኔ ዘንድ ይደውሉ ብለው ስልካቸውን ጻፉበት። ደስ ሊለኝ ነበር። ወረቀቱን ሳጥፍ ግን ኢሊያ ታየኝ። የእሱ እናት ጣሊያን አክስት ቢኖራት ይሄ ወረቀት የእሱ ነበር። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ፣ የሰው ልጅ እንደ ድንች በዘመድ የሚመዘንበት። ለእናትየዋ የሐኪሟን ስልክ ወስጄ ሰጥቻታለሁ፤ ፊርማ ይመለስ አይመለስ ማንም አያውቅም።

አሁን ስለ ስሙ። እሑድ ከቅዳሴ በፊት አዲስ ዝርዝር ጽፌ ለቄሱ ሰጠሁ። በሕያዋን ወገን አግሪፒና፣ ካቲንካ፣ ሳንዱ፣ ኢሊያ። ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ‘የትኛው ሳንዱ?’ አሉ። ‘የአግሪፒና’ አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። ‘እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ሙት ፍትሐት አድርጌለታለሁ እኮ’ አሉ። ‘አሁን ደግሞ ይጸልዩለት’ አልኩ። ጮክ ብለው አነበቡት። አማቴ ቅዳሴውን ጥላ ወጣች። መስቀሉን በማግሥቱ ከግሪሻ ጋር ነቀልነው። አያቴ ብቻውን ተኝቷል።

ከዚያ የሆነውን ይስሙ። ሰኞ ከሰዓት ሽማግሌው ኔኩላይ በር አንኳኩ። ቀይ አበባ ያለበትን ኩባያ ይዘዋል። ደፍ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ማታውን የጎረቤታችን የዶሚኒካ ልጅ ሁለት አመጣ። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሆነዋል፤ አንዱ እርስዎ ጣሊያን ሳይሄዱ በራስዎ እጅ የሰጡት ነው፣ ጆሮው ተሰብሯል። ደግነት እንዳይመስልዎት። የሕያው ሰው ተዝካር በቤቴ አይደር ብለው ፈርተው ነው፤ በእንጨት ነክተው ቢያመጡት ይወዱ ነበር። መንደሩ ሁሉ ስንት ዓመት በሳንዱ ኩባያ ወይን ሲጠጣ፣ እሱ እዚያ የሚጠጣው በሽቦ በታሰረ ቆርቆሮ ነው።

ካቲንካ አሥራ አንዱንም መስኮቱ ላይ ደርድራቸዋለች፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ። አንዱን ባነሣ ትጮሃለች፣ ስለዚህ የባልዲ ካርድ ሰጥቻት አስፈቅጄ ነው የማነሣው። ገንዘብ አይላኩ፣ ፓስታ አይላኩ፣ ካርድ አይሣሉ። ግሪሻ በሚመጣው እሑድ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለእርስዎ ይዞታል። የአገሩ ሰው የሚልዎትን ይላል፤ እኔም የምልዎት አለኝ፣ ቤት ሲገቡ እልዎታለሁ። ጆሮው የተሰበረው ኩባያ ግን የእርስዎ ነው። እኔ አልወስድለትም፤ ራስዎ መጥተው ይስጡት።

ሮዲካ